ኅትመቱ መኖሩን ማን ያረጋግጣል?

አንድ ሰው የጋዜጣ ደንበኛ ለመሆን ፈልጎ ወደ አከፋፋዩ ይሄዳል እንበል። ስሙን ያስመዘግባል፣ አድራሻውን ይሰጣል፣ ደረሰኝም ይቀበላል። ጋዜጣው ግን አይመጣም። አንድ ሳምንት ይጠብቃል፣ ሁለት ሳምንት ይጠብቃል። በመጨረሻ ተመልሶ ሲጠይቅ «እንዲህ የሚባል ጋዜጣ እኮ የለም» ይሉታል። «ታዲያ ለምን መዘገባችሁኝ?» ቢል፣ «መዝግቡኝ አልክ፣ መዘገብንህ፤ ጋዜጣው አለ ወይ ብለህ መቼ ጠየቅኸን?» የሚል መልስ ያገኛል።

ነገሩ ለጨዋታ የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ፖስትግሬስ በሚባለው የዳታቤዝ ሥርዓት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2022 ድረስ በእውነት ሲሠራበት የኖረ አካሄድ ነው። ዛሬም ቢሆን የተሻሻለው በከፊል ነው። ይህንን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የዳታቤዝ ትምህርት ለሚከታተሉ እጩ መምህራን ነው። እንደሚታወቀው፣ በየትምህርት ቤቱ «ኮምፒዩተር የሚያውቅ» ተብሎ የሚጠራው የኮምፒዩተር መምህሩ ነው፤ ማተሚያው ወረቀት ቢነክስም እሱ፣ የተማሪ ውጤት ከማሽኑ ቢጠፋም እሱ። ስለዚህ ነገሩ ነገ በየበራችን መምጣቱ አይቀርም።

ሁለቱ ወገኖች

ሬፕሊኬሽን ማለት በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ የተደረገው ለውጥ በሌላም ዳታቤዝ ውስጥ እንዲደገም ማድረግ ነው። ዓይነቱ ሁለት ነው። ፊዚካል የሚባለው የሰርቨሩን መረጃ እንዳለ፣ ባይት በባይት ይደግማል፤ ምርጫ የለውም፣ ሰርቨሩን በሙሉ ነው የሚወስደው። ሎጂካል የሚባለው ግን ለውጡን በትርጉሙ ነው የሚያስተላልፈው። «ውጤት በሚባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ይህ ረድፍ ተጨመረ፣ ያኛው ተለወጠ፣ ያኛው ተሰረዘ» እያለ ይልካል። በዚህም ምክንያት ከአሥር ሠንጠረዦች መካከል ሁለቱን ብቻ መርጦ መላክ ይቻላል። ሁለቱ ሰርቨሮች የተለያየ የፖስትግሬስ ቨርዥን ቢኖራቸውም ችግር የለም። መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ቨርዥን 9.4 ሲሆን፣ ማንኛውም ባለሙያ በሁለት ትእዛዝ ሊያቆመው የቻለው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ከቨርዥን 10 ጀምሮ ነው።

ስሞቹ ከጋዜጣ ሥራ የተወሰዱ ናቸው። መረጃውን የሚሰጠው ሰርቨር ፐብሊሸር ይባላል፤ እኛ አሳታሚ እንለዋለን። የሚቀበለውን ደንበኛ እንለዋለን። አሳታሚው የትኞቹን ሠንጠረዦች እንደሚያወጣ የሚገልጸው ዝርዝር ፐብሊኬሽን ነው፤ ይኸውም ኅትመት። ደንበኛው «ይህን ኅትመት ላኩልኝ» ብሎ የሚገባው ውል ደግሞ ሰብስክሪፕሽን፣ ማለትም ደንበኝነት ነው። ልብ በሉ፤ ኅትመት ስንል ዝርዝሩን ነው እንጂ መረጃውን ራሱን አይደለም።

ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤቱ አንድ ሰርቨር፣ የፈተና ክፍሉም ሌላ ሰርቨር አላቸው እንበል። መዝገብ ቤቱ «ተማሪ» እና «ውጤት» የሚባሉ ሠንጠረዦች አሉት። የፈተና ክፍሉ የተማሪዎችን ካርድ የሚያትመው ከእነዚህ ሠንጠረዦች ግልባጭ ነው። እንግዲህ በመዝገብ ቤቱ ሰርቨር ላይ የሚሰጠው ትእዛዝ እንዲህ ነው፦

ክሬት ፐብሊኬሽን የውጤት_ኅትመት ፎር ቴብል ተማሪ፣ ውጤት

በፈተና ክፍሉ ሰርቨር ላይ ደግሞ፦

ክሬት ሰብስክሪፕሽን የፈተና_ክፍል ኮኔክሽን (የአሳታሚው አድራሻ) ፐብሊኬሽን የውጤት_ኅትመት

ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን የጻፍናቸው ለንባብ እንዲመች ነው። ማሽኑ ላይ የትእዛዝ ቃሎቹ በላቲን ፊደል ይገባሉ፤ መለያያውም የላቲኑ ኮማ ነው። የሠንጠረዡና የኅትመቱ ስም በአማርኛ ቢሆን ግን ፖስትግሬስ አይከለክልም፤ ዳታቤዙ በዩቲኤፍ ኤይት የተዘጋጀ ይሁን እንጂ።

ከዚህ ሁሉ በፊት በአሳታሚው ሰርቨር ላይ ዋል_ሌቭል የተባለው ማስተካከያ «ሎጂካል» ላይ መሆን አለበት። እሱን ለመቀየር ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት ያስፈልጋል። ሠንጠረዦቹም በደንበኛው በኩል አስቀድመው መፈጠር አለባቸው፤ ሎጂካል ሬፕሊኬሽን ረድፎችን ነው እንጂ የሠንጠረዥን አሠራር አይልክም። በነገራችን ላይ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ባለበት ክፍል ውስጥ ለመለማመድ የምትፈልጉ፣ በአንዱ ሰርቨር ውስጥ ሁለት ዳታቤዝ ከፍታችሁ አንዱን የሌላው ደንበኛ ለማድረግ ብትሞክሩ ትእዛዙ ተገትሮ ይቀራል። ምክንያቱም ትእዛዙ ራሱ የጀመረው ሥራ እስኪያልቅ ድረስ ራሱን ይጠብቃልና። ቀላሉ መፍትሔ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ሁለት የተለያዩ ሰርቨሮችን ማስነሣት ነው፤ አንዱን በፖርት 5432፣ ሁለተኛውን በፖርት 5433።

ስሙ የተሳሳተ እንደሆነ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የፈተና ክፍሉ ሠራተኛ «የውጤት_ኅትመት» ማለት ሲገባው «የውጤት_ሕትመት» ብሎ ጻፈ እንበል። ሲነበብ ሁለቱም አንድ ነው። ማንም አማርኛ አንባቢ ልዩነቱን ልብ አይለውም። ለፖስትግሬስ ግን ኅ እና ሕ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ የ«ሀ»ና የ«ለ»ን ያህል ይራራቃሉ። እንግዲህ «የውጤት_ሕትመት» የሚባል ነገር በአሳታሚው ዘንድ የለም ማለት ነው።

ከቨርዥን 15 በፊት በነበሩት ሰርቨሮች ላይ ይህ ሲሆን ምን ይባል ነበር? ምንም። ትእዛዙ «ደንበኝነቱ ተፈጥሯል» ብሎ ይመልሳል፤ በአሳታሚው ላይም ስሎት መከፈቱን ያበስራል። ሠራተኛውም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እንዴት እንደዚህ ሊሆን ቻለ? ውስጡን ስናየው አያስደንቅም። ደንበኛው ከአሳታሚው ጋር ከተገናኘ በኋላ የሚያቀርበው ጥያቄ «በዚህ ስም በሚጠራው ኅትመት ውስጥ ያሉትን ሠንጠረዦች ዘርዝርልኝ» የሚል ነው። ጥያቄው ፒጂ_ፐብሊኬሽን_ቴብልስ ለሚባለው የሥርዓቱ ዝርዝር ይቀርባል። ስሙ ስለሌለ መልሱ ዜሮ ረድፍ ነው። በዳታቤዝ ትምህርት መጀመሪያ ላይ እንደተማርነው ደግሞ ዜሮ ረድፍ ትክክለኛ መልስ ነው፤ ስሕተት አይደለም። ደንበኛውም «እሺ፣ የምቀዳው ሠንጠረዥ የለም» ብሎ ሥራውን በሰላም ይጨርሳል። «ኅትመቱ የለም» እና «ኅትመቱ አለ፣ ግን ባዶ ነው» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች በዚህ ጥያቄ ውስጥ አንድ መልክ ይይዛሉ። ክፍተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጩኸቱ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ያውም ሰው በማያይበት ቦታ። አሳታሚው ለደንበኛው የሚልከውን የሚመርጠው የመጀመሪያው ለውጥ ሲመጣ ነው። መዝገብ ቤቱ ከሰዓት በኋላ አንድ ውጤት ሲያስገባ፣ አሳታሚው «ይህ ለውጥ በየትኛው ኅትመት ውስጥ ነው?» ብሎ ስሙን ይፈልጋል፤ ሲያጣው «የውጤት_ሕትመት የሚባል ፐብሊኬሽን የለም» ብሎ ስሕተት ያወጣና ግንኙነቱን ያቋርጣል። የደንበኛው አገልጋይ ፕሮግራም ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ እንደገና ይሞክራል፤ እንደገና ይቋረጣል። ይህ ሁሉ በሰርቨሩ የሎግ ፋይል ውስጥ ነው የሚጻፈው። በሠራተኛው መስኮት ላይ ምንም የለም። ማለዳ ላይ ምንም ለውጥ ሳይገባ የፈተሸ ሰው ሎጉንም ቢያነብ ንጹሕ ሆኖ ያገኘዋል።

ከዚህ የከፋው ግማሹ የሚሠራበት ሁኔታ ነው። አንድ ደንበኝነት ከአንድ በላይ ኅትመቶችን ሊጠራ ይችላል። «የተማሪ_ኅትመት» ትክክል ተጽፎ፣ «የውጤት_ሕትመት» ተሳስቶ አንድ ላይ ተጠሩ እንበል። በትክክል የተጻፈው ኅትመት ሠንጠረዦች መጀመሪያ ላይ ያላቸው ረድፍ በሙሉ ይገለበጣል። ሠራተኛው «ተማሪ»ን ከፍቶ ሲያይ ሁሉም ተማሪ አለ፤ «ይኸው ሠርቷል» ይላል። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ቨርዥን 17 ባሉት ሰርቨሮች ላይ የተሳሳተው ስም ትክክለኛውንም ይዞት ይወድቃል፤ ምክንያቱም የሁለቱም ለውጥ የሚመጣው በአንድ መስመር ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ የተመዘገበ ተማሪ በፈተና ክፍሉ ዘንድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው በቨርዥን 18 ይህ ተለውጧል፤ አሳታሚው የሌለውን ኅትመት በማስጠንቀቂያ ይዘለውና የተቀረውን መላኩን ይቀጥላል። መልካም ነው። ነገር ግን እኛ እንደምናየው ይህ ለፈታሹ ሌላ ወጥመድ ነው፤ መስመሩ ሕያው ሆኖ እያለ የውጤቱ ሠንጠረዥ ብቻ ባዶ ሆኖ ይቀመጣልና።

ዲስኩን የሚሞላው ዕልባት

ከላይ ስሎት ያልነውን ነገር ጥቂት እንግለጸው። ፖስትግሬስ ለውጥን ሁሉ በሠንጠረዡ ፋይል ላይ ከማስፈሩ በፊት ዋል በሚባል መዝገብ ውስጥ ይጽፋል። ስሎት ማለት ደንበኛው በዚያ መዝገብ ውስጥ እስከ የት እንዳነበበ የሚያመለክት ዕልባት ነው። ዕልባቱ ካለበት ወዲህ ያለው የመዝገቡ ክፍል እንዲጠፋ አሳታሚው አይፈቅድም፤ ደንበኛው ገና አላነበበውማ።

እንግዲህ እስከ ቨርዥን 17 ባሉት ሰርቨሮች ላይ ስሙ የተሳሳተው ደንበኛ ምንም ሊያነብ አይችልም። ዕልባቱ ካለበት ንቅንቅ አይልም። መዝገቡ ይከመራል። በመጨረሻ የአሳታሚው ዲስክ ይሞላና ሰርቨሩ ይቆማል፤ በፈተና ክፍሉ የተሠራችው የአንዲት ፊደል ስሕተት መዝገብ ቤቱን ሥራ ታስፈታለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው በቨርዥን 13 ማክስ_ስሎት_ዋል_ኪፕ_ሳይዝ የሚባል ገደብ ተጨምሯል። በእሱ «ከዚህ መጠን በላይ አታስቀምጥ» ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሳይነካ ሲቀር ዋጋው ከዜሮ በታች 1 ነው፤ ትርጉሙም «ገደብ የለም» ነው። ገደቡን ያስቀመጠም ሰው ይወቅ፤ ገደቡ ሲያልፍ የሚሠዋው ዕልባቱ ነው፣ ያ ደንበኝነት ከእንግዲህ እንደ አዲስ መጀመር ይኖርበታል። እኛ ግን የመዝገብ ቤቱ ሰርቨር ከሚቆም የፈተና ክፍሉ ግልባጭ እንደገና ቢጀመር ይሻላል እንላለን።

ማስጠንቀቂያው መጣ፤ ይሁንና

እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው በቨርዥን 15 ማሻሻያ ተደረገ። ደንበኝነት ሲፈጠር፣ ወይም በነባር ደንበኝነት ላይ ኅትመት ሲጨመር ወይም ሲተካ፣ ደንበኛው የተጠሩትን ስሞች ከአሳታሚው ፒጂ_ፐብሊኬሽን ጋር ያመሳክራል። የጎደለ ካለ «ይህ ፐብሊኬሽን በአሳታሚው ዘንድ የለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ማስጠንቀቂያ አልን እንጂ ስሕተት አላልንም። ትእዛዙ አይቆምም፤ ደንበኝነቱ ይፈጠራል፤ ስሎቱም ይከፈታል።

ለምን አይከለክልም? ሠሪዎቹ የሰጡት ምክንያት ተጠቃሚው ኅትመቱን በኋላ ሊፈጥረው ይችላል የሚል ነው። በእኛ አስተያየት ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም። ሁለቱን ሰርቨሮች የሚያዘጋጁት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚጨርስ አይታወቅም። ነገር ግን «በኋላ ይፈጠራል» የሚለው ተስፋ እስከ ቨርዥን 17 ድረስ በራሱ ችግር አለው፤ ጥቂት ቆይተን እንመጣበታለን። ትእዛዞችን በፋይል ጽፎ በአንድ ጊዜ የሚያስኬድ ሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያው ከመቶ መስመሮች መካከል አልፎት ሊሄድ ይችላል።

ማመሳከሩ ጭራሽ የማይደረግባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ደንበኝነቱ «ኮኔክት ፎልስ» ተብሎ ሳይገናኝ ከተፈጠረ የሚጠየቅ አሳታሚ ስለሌለ አይመሳከርም። ከመጠባበቂያ ቅጂ የሚመለሱ ደንበኝነቶች የሚፈጠሩት ልክ በዚህ መንገድ ነው። ኅትመት ሲተካ «ሪፍሬሽ ፎልስ» ከተባለም እንዲሁ ነው። «ሪፍሬሽ ፐብሊኬሽን» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን ሲሰጥ ደግሞ የሠንጠረዦቹን ዝርዝር ያድሳል እንጂ ስሞቹ መኖር አለመኖራቸውን አይነግረንም።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን አንጠብቅ፤ ራሳችን እንጠይቅ። ደንበኝነቱን ከመፍጠራችን በፊት በአሳታሚው ላይ ሁለት ጥያቄ እናቅርብ። አንደኛው፣ በፒጂ_ፐብሊኬሽን ውስጥ ስሙ አለ ወይ? ሁለተኛው፣ በፒጂ_ፐብሊኬሽን_ቴብልስ ውስጥ በዚያ ስም ሥር የምንፈልጋቸው ሠንጠረዦች በሙሉ ተዘርዝረዋል ወይ? ሁለተኛውን ጥያቄ መዝለል ልማድ ሆኗል፤ ስሙ ካለ ሁሉም አለ ይመስለናል። ነገር ግን ምንም ሠንጠረዥ የሌለበት ኅትመት መፍጠር የተፈቀደ ነው። ቨርዥን 15ም ቢሆን እንዲህ ዓይነቱን ባዶ ኅትመት ሲያገኝ ምንም አይልም፤ የሚመለከተው ስሙን ብቻ ነውና። ደግሞም ከዚሁ ቨርዥን ጀምሮ ኅትመት ረድፎችን በቅድመ ሁኔታ ሊያጣራ፣ ዓምዶችንም ሊመርጥ ይችላል። ሠንጠረዡ ተዘርዝሮ ሳለ የአሥረኛ ክፍል ረድፎች ብቻ የሚላኩበት ኅትመት ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ስለ አማርኛ ስሞች

ይህን ለብቻው ያነሣነው በፈረንጅ መጻሕፍት ውስጥ ስለማይገኝ ነው። በላቲን ፊደል ለሚጽፉት የስም ስሕተት ምንጭ ብዙውን ጊዜ ትልቅና ትንሽ ፊደል ነው። ፖስትግሬስ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያልገባውን ስም ሁሉ ወደ ትንሽ ፊደል ይመልሳል፤ በጥቅስ ውስጥ የገባውን ግን እንዳለ ይተወዋል። እኛ ይህ ችግር የለብንም። የእኛ ችግር ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ናቸው። «ዓመት» እና «አመት»፣ «ሥርዓት» እና «ስርአት» ለማሽኑ የተለያዩ ስሞች ናቸው። «ኅትመት» የሚለው ቃል ራሱ በሦስት መልክ ተጽፎ ይገኛል። ስሙን ከሰው አፍ ሰምቶ መጻፍ እዚህ ላይ አያዋጣም፤ ከአሳታሚው ሰርቨር ላይ ገልብጦ መለጠፍ ነው።

ርዝመትም አለ። የማንኛውም ስም ርዝመት ከ63 ባይት መብለጥ አይችልም። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ፣ የእኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ ኤይት 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 21 ፊደል ብቻ ነው ያለን፤ የሚያያይዘው የታች ሰረዝ ደግሞ አንዳንድ ባይት ይጨምራል። «የዘጠነኛ_ክፍል_የመጀመሪያ_መንፈቅ_ውጤት» ብለን ብንሰይም 21 ፊደልና 4 ሰረዝ፣ በድምሩ 67 ባይት ይሆናል። ፖስትግሬስ ስሙን ከ«ው» በኋላ ይቆርጠዋል፤ መቁረጡንም በማስታወሻ ይናገራል። በሌላ ቀን «የዘጠነኛ_ክፍል_የመጀመሪያ_መንፈቅ_ውሎ» የሚል ኅትመት ልንፈጥር ብንሞክር እሱም በ«ው» ላይ ይቆረጥና «ይህ ስም አለ» ተብለን እንመለሳለን። አጭር ስም መልካም ነው።

መለያ ቁልፍ የሌለው ሠንጠረዥ

ኅትመቱ ስሙም ዝርዝሩም ትክክል ሆኖ አሳታሚውን ራሱን የሚጎዳበት አንድ መንገድ አለ። ረድፍ ሲለወጥ ወይም ሲሰረዝ ደንበኛው «የትኛው ረድፍ?» ብሎ መለየት አለበት። መለያው አብዛኛውን ጊዜ የሠንጠረዡ ፕራይመሪ ኪይ ነው። «ውጤት» ፕራይመሪ ኪይ ሳይኖረው፣ ሌላም መለያ ሳይሰየምለት በኅትመት ውስጥ ቢገባ፣ ኅትመቱ ያለ ምንም ተቃውሞ ይፈጠራል። አዲስ ውጤት ማስገባትም ይቻላል። ነገር ግን መዝገብ ቤቱ አንድ የተሳሳተ ውጤት ሊያርም ሲል በራሱ ሰርቨር ላይ ይከለከላል፤ «ሠንጠረዡ መለያ የለውም፣ ለውጥም ያወጣል» የሚል ስሕተት ይመጣበታል። ደንበኛ ባይኖርም እንኳ ይህ ይሆናል። ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ እምቢ ሲል ማን ነው ኅትመቱን የሚጠረጥረው? ስለዚህ ሠንጠረዥን በኅትመት ውስጥ ከማስገባታችን በፊት ቁልፍ እንዳለው እንይ።

ከተሳሳተ በኋላ

ስሕተቱ ከተገኘ መጀመሪያ መለየት ያለበት ነገር፣ ትክክለኛው ኅትመት ከጥንቱ ነበረ ወይስ ጭራሽ አልተፈጠረም የሚለው ነው።

ከጥንቱ ከነበረና ስሙ ብቻ ከተሳሳተ መድኃኒቱ ቀላል ነው። «ኦልተር ሰብስክሪፕሽን የፈተና_ክፍል ሴት ፐብሊኬሽን የውጤት_ኅትመት» ማለት ይበቃል። የሠንጠረዦቹ ዝርዝር አብሮ ይታደሳል፤ ቅጂውም ይጀመራል።

ኅትመቱ ጭራሽ ካልነበረ ግን፣ እስከ ቨርዥን 17 ባሉት ሰርቨሮች ላይ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ነገር አለ። ኅትመቱን አሁን እንፈጥረዋለን። በፒጂ_ፐብሊኬሽን ውስጥ በዓይናችን እናየዋለን። ሎጉ ግን «ፐብሊኬሽኑ የለም» ማለቱን አይተውም! ምክንያቱ እንዲህ ነው። አሳታሚው አሮጌ ለውጥን ከመዝገቡ ሲያነብ የሥርዓቱንም ዝርዝር የሚያየው ያ ለውጥ በተደረገበት ጊዜ እንደነበረው አድርጎ ነው። ዕልባቱ ማክሰኞ ላይ ከቆመ፣ ኅትመቱ ደግሞ ሐሙስ ከተፈጠረ፣ የማክሰኞ ለውጥ በማክሰኞ ዓይን ሲታይ ኅትመቱ በእርግጥም የለም። «በኋላ ይፈጠራል» የሚለው ተስፋ ችግር አለው ያልነው ይህንን ነው። በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው ደንበኝነቱን ማጥፋት፣ ተገልብጦ የነበረ ረድፍ ካለ በደንበኛው በኩል ሠንጠረዡን ባዶ ማድረግ፣ ከዚያም ደንበኝነቱን እንደ አዲስ መፍጠር ነው። ሠንጠረዡ ባዶ ካልተደረገ አዲሱ ቅጂ ከአሮጌው ረድፍ ጋር በቁልፍ ይጋጫል።

ደንበኝነቱ ሲጠፋ በአሳታሚው ላይ ያለው ስሎት አብሮ ይጠፋል፤ የሚጠፋው ግን አሳታሚው ከተገኘ ነው። አሳታሚው ሳይገኝ ደንበኝነቱን አስቁሞ፣ ከስሎቱ አላቅቆ ማጥፋት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ዕልባቱ ባለቤት አጥቶ በአሳታሚው ላይ ይቀራል፣ መዝገቡንም ማከማቸቱን ይቀጥላል። በፒጂ_ሬፕሊኬሽን_ስሎትስ ውስጥ ፈልጎ በእጅ ማጥፋት ግዴታ ነው።

በመጨረሻም፣ ነገሩ ደኅና መሆኑን በደንበኛው በኩል የምናይበት ቦታ ፒጂ_ሰብስክሪፕሽን_ሬል ይባላል። የምንጠብቃቸው ሠንጠረዦች በሙሉ እዚያ መኖር አለባቸው፤ የእያንዳንዱም ሁኔታ «ር» በምትመስለው የላቲን ፊደል፣ ማለትም «ሬዲ» በሚለው ምልክት መታየት አለበት። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ የመጀመሪያው ሰው ያየው «ተፈጥሯል» የሚለው መልስ ዋጋ የለውም። ወደፊት በኅትመቱ ላይ አዲስ ሠንጠረዥ በተጨመረ ቁጥርም ደንበኛው «ሪፍሬሽ ፐብሊኬሽን» ካላለ በስተቀር አዲሱ ሠንጠረዥ አይመጣለትም። ከዚያም በአሳታሚው ላይ አንድ የሙከራ ረድፍ አስገብቶ፣ በደንበኛው ላይ መድረሱን አይቶ፣ መልሶ መሰረዝ ነው። ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል፤ መጨመሩ ደርሶ መሰረዙ ላይደርስ ይችላል፤ ኅትመት የትኞቹን የለውጥ ዓይነቶች እንደሚያወጣ መወሰን ይቻላልና።

መልመጃ

1ኛ. በፖርት 5432 እና 5433 ሁለት ሰርቨሮችን አስነሡ። በአሳታሚው ላይ ምንም ሠንጠረዥ የሌለበት ኅትመት ፈጥራችሁ ደንበኛ ሁኑበት። ማስጠንቀቂያ መጣ? ካልመጣ ለምን?

2ኛ. ሆን ብላችሁ በተሳሳተ ስም ደንበኝነት ፍጠሩ። የአሳታሚውን ሎግ አንድ ረድፍ ከማስገባታችሁ በፊትና ካስገባችሁ በኋላ አንብቡ። የሁለቱን ልዩነት በሦስት መስመር ጻፉ። ሲጨርሱ ስሎቱን ማጥፋት እንዳይረሳ።

3ኛ. «የአሥራ_ሁለተኛ_ክፍል_ሥነ_ሕይወት» የሚለው ስም ስንት ባይት ይወስዳል? ይቆረጣል ወይስ አይቆረጥም? አንድ የክፍል ጓደኛችሁ ስሙን ሰምቶ ብቻ ቢጽፈው በስንት የተለያየ መንገድ ሊጽፈው ይችላል?

መልሳችሁን ከሰሌዳው ግርጌ ባለው ፖስታ ውስጥ ጨምሩልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።